ከምን ያህል ርቀት ይደመጣል?

ድምፅ ከምንጩ ተነሥቶ ከአድማጩ ጆሮ እስኪደርስ የሚያቋርጠው ርቀት አለ። ርቀቱ በሜትር የሚለካ ተራ ነገር ነው። ዳሩ ግን ርቀቱን የሚወስነው ማን ነው? አሰሚው ነው ወይስ አድማጩ? ተብሎ የተጠየቀ እንደሆነ፣ ነገሩ ከሜትር ወጥቶ ሰው ከሰው ጋር ስላለው ግንኙነት የሚጠይቅ ይሆናል። በአገራችን በልማድ «ሞንታርቦ» የሚባለውን ትልቅ ድምፅ ማጉያ (ስሙን የወረሰው ከአንድ የኢጣሊያ ፋብሪካ ነው) በአዳራሽ ውስጥ የሚያቆም ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ እየሰጠ ነው። መምህሩ በወላጆች ቀን፣ የባህል አዳራሽ ኃላፊው በኪነት ምሽት፣ ሙዚቃ ወዳዱ በመኖሪያ ቤቱ፣ ሁሉም ይመልሱታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚጠየቀው «ምን ያህል ይጮኻል?» የሚለው ብቻ ነው።

ነገሩን በደፈናው ከምናወራው በአንድ ስፍራ ላይ አቁመን ብንመረምረው ይሻላል። ስፍራው ሰቆጣና በዙሪያዋ ያለው የዋግ ኽምራ ደጋ ይሁን። ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መቀመጫ፣ በአሞሌ ጨው ንግድም የታወቀች የገበያ ከተማ የነበረች ናት፤ ስለዚህ ሰው ተሰብስቦ ነገር ሲሰማባት ኖሯል። ሕዝቧ ኽምጥኛና አማርኛ ይናገራል። በአንድ አዳራሽ ውስጥ አንዱ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲያዳምጥ፣ ከጎኑ የተቀመጠው በሁለተኛ ቋንቋው ያዳምጣል፤ በሁለተኛ ቋንቋው የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ ያመለጠውን ቃል በግምት ለመሙላት ይቸግረዋል። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ምድሩ ራሱ ስለ ርቀት ያስተምራል። ወደ ተከዜ የሚወርዱት ሸለቆዎች ጥልቅ ናቸው። በአንዱ ሸንተረር ላይ ቆሞ የሚጣራ እረኛ ከማዶ ላለው ጓደኛው ይሰማል፤ በእግሩ ወርዶ ልውጣ ቢል ግን ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል። እረኛው ታዲያ አናባቢውን ያስረዝማል፤ ጥቂት ቃል ይናገራል፤ ዝም ብሎም መልስ ይጠብቃል። ከሩቅ የሚናገር ሰው ሊያደርግ የሚገባውን ያለ መምህር ያውቀዋል። ድምፅ ማጉያ የጨበጡ ስንቶቻችን ይህን እናውቃለን?

በቀድሞው ሥርዓት ርቀት ማዕረግ ነበር። በግብር አዳራሽ ሹሙ ከበላይ፣ መኳንንቱ ከአጠገቡ፣ ጭፍራው ራቅ ብሎ፣ ሌላው ከደጅ ነበር የሚስተናገደው። የመሰንቆ ድምፅ ትንሽ ነው። አንድ ጅማት፣ ቆዳ የለበሰ አነስተኛ ገበታ፣ የፈረስ ጭራ ነው ሁለንተናው። አዝማሪው ለጌታው ቀርቦ ሲቀኝ፣ ከደጅ ለቆመው የሚደርሰው የሳቁ ጩኸት እንጂ የተሳቀበት ቃል አልነበረም። አዋጅም ሲታወጅ እንዲሁ ነው። የነጋሪቱ ጉሰማ ርቆ ይሄዳል፤ ቃሉን ግን የሚሰሙት በቅርብ ያሉት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ላልሰማው እንዲያሰሙ ይታዘዛሉ። ቃል ከአፍ ወደ አፍ በሄደ ቁጥር ምን ያህል እንደሚለወጥ ለአንባቢ መንገር አያሻም።

እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1925 ዓ.ም. ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች ዛሬም መሠረቱ ያልተለወጠውን ባለ ሽቦ ጥቅል ድምፅ ማጉያ አሠራር ለሙያ ባልደረቦቻቸው ሲያቀርቡ፣ ሳያስቡት በርቀት ላይ የቆመውን ማዕረግ የሚንድ መሣሪያ አቀረቡ ማለት ይቻላል። ከኋላ የተቀመጠችው እናት ከፊት እንደተቀመጠው ሹም ልትሰማ የምትችልበት ዘመን መጣ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ድምፅ ማጉያን በደፈናው የሚነቅፍ ጸሐፊ፣ ትናንት ከደጅ ቆሞ የቀረውን ሰው የዘነጋ ነው። የቀድሞውን ጸጥታ የሚናፍቁልን ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ራሳቸውን የሚያስቀምጡት ከፊተኛው መደብ ላይ ነው።

ሆኖም ለመቅረብ መብት አለ እንደምንል ሁሉ ለመራቅም መብት አለ። ዐይን ቆብ አለው፤ ጆሮ ግን ቆብ የለውም። በሰሜኑ ደጋ ላሊበላ ወይም ሐሚና የሚባሉትን የንጋት ዘማሪዎች እናስታውስ። ጎሕ ሳይቀድ ከደጃፍ ቆመው፣ ባልና ሚስት እየተቀባበሉ ያዜማሉ። ዘፈኑ ያለ ጥርጥር ሰውን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ ነው። ይሁን እንጂ ከደጅ እንጂ ከጓዳ አይዘፍኑም። የቤቱ ባለቤት ከአልጋው ሳይነሣ ሊያዳምጥ፣ ወጥቶም ሊያያቸው፣ ምጽዋቱን ሰጥቶ ሊያሰናብታቸው ይችላል፤ ሲሰጣቸውም መርቀው ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋሉ። በአሰሚና በሰሚ መካከል የተዘረጋ ያልተጻፈ ውል አለ ማለት ነው። አንዱ ይደፍራል፤ ሌላው ደፋሩን የሚያስቆምበት መንገድ በእጁ ነው። ሠርግ ቤት ከሞንታርቦው ፊት ለፊት የተቀመጠው ተጋባዥ ይህን ያህል ሥልጣን የለውም።

የሕዝባችን ኪነት ርቀትን ራሱን እንደ አንድ ቋንቋ ይጠቀምበታል። ፎካሪ ከስፍራው ተነሥቶ ወደ ታዳሚው ይገሠግሣል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይገሠግሣል፤ ድምፁ ሲቀርብና ሲርቅ ማዳመጥ የፉከራው ግማሽ ነው። ለቅሶ ደራሽ የሟቹ ቤት ከሩቅ ሲታየው ጀምሮ እያለቀሰ ይመጣል፤ በቤት ያሉትም የሚመጣውን ሰው ከመልኩ በፊት በድምፁ ይለዩታል። ሙሾ አውራጇ ከመካከል፣ አልቃሹ ዙሪያውን ነው። በቤተ ክርስቲያንም መዘምራን ከቅኔ ማሕሌቱ ግራና ቀኝ ሆነው ፊት ለፊት እየተያዩ ይቀባበላሉ፤ ዜማው ከወገን ወደ ወገን ይሻገራል። ከውጭ፣ ከቅጥሩ ጥላ ሥር ለተቀመጠው ሽማግሌ የሚሰማው ግን ከሁሉ በላይ ከበሮው ነው፤ ጸናጽሉ ቀርበው ካልሆነ አይገኝም። ወፍራም ድምፅ ግንቡን ዞሮ ያልፋል፤ ቀጭኑ ግን ነገር ሲጋርደው ይቀራል። ሽማግሌው ይህን ዐውቆ የመረጠው ስፍራ ነው። ሲፈልግ ይገባል፤ ሲፈልግ ከዛፉ ሥር ሆኖ ከበሮውን ብቻ እየሰማ ይጸልያል። አንድ ማይክሮፎን ከመሰንቆው ላይ፣ ሌላው ከፎካሪው ደረት ላይ ተሰክቶ ሁሉም ከአንድ ሣጥን አፍ የወጣ እንደሆነ፣ መሄዱም መምጣቱም ለዐይን ብቻ ይቀራል።

አሁን ወደ ሣጥኑ እንምጣ። ትልቅ ድምፅ ማጉያ ባለ አንድ አፍ አይደለም። ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ሰፊ ክብ ከታች፣ ቀጭኑን የሚያወጣው ጠባብ አፍ ከላይ ነው፤ ከመካከልም ሦስተኛ ሊኖር ይችላል። ከአንድ ሜትር ላይ የተቀመጠ ሰው የላይኛውን በጆሮው፣ የታችኛውን በሆዱ ይሰማል፤ ሁለቱ አይዋሐዱለትም። የሚዋሐዱት ጥቂት ሜትሮች ራቅ ሲሉ ነው። ስለዚህ ዕቃው ትልቅ በሆነ መጠን ርቀት ይጠይቃል። የአራት ሜትር ክፍል ውስጥ ሁለት ሞንታርቦ የሚያቆም ሰው በሬውን ከጓዳ ያሰረ ሰው ነው፤ በሬውም አይመቸው፣ ባለቤቱም አይተኛ። በዓል በመጣ ቁጥር እየተከራዩ ከየሳሎኑ የሚገቡትን ሣጥኖች ያየ ይህን ይረዳዋል።

ርቆ መቀመጥ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በክፍል ውስጥ ይህ ሕግ የሚሠራው እስከ አንድ ስፍራ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው መናገር ይጀምራሉ። ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ወርዱ 10 ሜትር፣ ከፍታው 5 ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ባዶ አዳራሽ እናስብ። እንዲህ ያለው አዳራሽ በየወረዳው አለ። ከማጉያው 3 ወይም 4 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተናጋሪው ይልቅ አዳራሹን ይሰማል። «አልተሰማም!» የሚል ጩኸት ከኋላ ሲመጣ ቴክኒሻኑ ድምፁን ይጨምራል። ምንም አይፈይድም፤ ድምፁ በጨመረበት ልክ ማሚቶውም ይጨምራልና። የጎጆ ቤት የሣር ክዳን ቀጭኑን ድምፅ ውጦ ያስቀር ነበር፤ ቆርቆሮው ግን ሁሉንም መልሶ ይወረውራል። ከሰቆጣ አቅራቢያ ከዓለት የተፈለፈለችውን ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ያየም ድንጋይ ድምፅ እንደማይውጥ ያውቃል፤ እንዲህ ባለ ቤት በዝግታ የሚንቆረቆር ዜማ ያምርበታል፣ ፈጥኖ የሚነገር ንግግር ግን እርስ በርሱ ይደናገራል።

ይህን ነገር በመጀመሪያ በሥርዓት የለካው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበረው ዋላስ ሳቢን ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው አዲስ ያሠራው የንግግር አዳራሽ አልደመጥ ስላለ መፍትሔ እንዲፈልግ ታዘዘ። በዚያ አዳራሽ አንድ ቃል ከተነገረ በኋላ አምስት ሴኮንድ ተኩል ያህል ሲያስተጋባ ይቆይ ነበር፤ በዚህን ጊዜ ውስጥ ተናጋሪው ሌላ ዐሥራ አምስት ያህል ክፍለ ቃል ተናግሯል። ሳቢን ከተማው ጸጥ በሚልበት ሌሊት ከአንድ ቴያትር ቤት የወንበር ትራሶች እያስመጣ በአዳራሹ ውስጥ ይደረድር፣ በደረደረ ቁጥርም ማሚቶው ስንት እንደቀነሰ ይለካ ነበር። ሰውም ከነልብሱ ድምፅ እንደሚውጥ ለካ። ለእኛ የሚጠቅመን ይኸኛው ነው። ጋቢ ለብሶ የተቀመጠ ሕዝብ የአዳራሹ መጋረጃም ምንጣፍም ነው። ጠዋት በባዶ አዳራሽ የተስተካከለው ድምፅ ማታ ሕዝብ ሲገባ ሌላ ድምፅ ይሆናል። አድማጩ እንግዲህ ሲሰጡት የሚቀበል ብቻ አይደለም፤ በመገኘቱ ብቻ ድምፁን ይሠራዋል። ስለ ከያኒና ስለ ተደራሲ ግንኙነት ብዙ ተጽፏል፤ የሳቢንን ትራሶች ያህል ነገሩን በግልጽ ያሳየ ጽሑፍ ግን ይህ ጸሐፊ አላነበበም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የቃል ነገር ነው። አማርኛ በማጥበቅና በማላላት ትርጉም የሚለይ ቋንቋ ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ በዓሉን ይናገራል። «አለ» ሲላላ የተናገረ፣ ሲጠብቅ ያለ ሰው ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ምላስ በአንዲት ፊደል ላይ የምትቆይበት ቅጽበት ሲሆን ልዩነቱ ከሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ ገደማ አያልፍም። በሚያስተጋባ አዳራሽ ያች ቅጽበት በቀደመው ፊደል ጅራት ትሸፈናለች። ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ፣ ቀ የሚባሉት ፊደላትም አጫጭር ፍንዳታዎች ናቸው፤ ኽምጥኛም እንዲህ ያሉ ድምፆች አሉት። ማጉያው ከጥግ ተለጥፎ ሲቆም ወፍራሙ ድምፅ ከሁለት ግድግዳና ከወለሉ ብድር ወስዶ ያብጣል፤ ያበጠው ድምፅም እነዚህን ፍንዳታዎች ውጦ ያስቀራል። ወጣቶች እብጠቱን ይወዱታል፤ ለጭፈራ ከሆነ ማን ይከለክላቸዋል? ቅኔ የተባለ እንደሆነ ግን ሌላ ነው። ኅብረ ቃል ብዙ ጊዜ የሚቆመው በዚችው በጠበቀችና በላላች ፊደል ላይ ነው። ከመድረኩ አጠገብ ያለው ሰሙንም ወርቁንም ይዞ ይስቃል፤ ለኋላው ወንበር የሚደርሰው ሰሙ ብቻ ነው፣ እርሱም ከደረሰ። በግብር አዳራሽ ከደጅ ቆሞ ሳቁን ብቻ ይሰማ የነበረው ሰው እንግዲህ ዛሬ ከቤት ገብቶ፣ ወንበርም ተሰጥቶት፣ ያው ሳቁን ብቻ ይሰማል። በርቀት ላይ የቆመው ማዕረግ በጓሮ በር ተመልሶ ገብቷል ማለት ነው፤ ያስገባውም ሹም ሳይሆን ያልታሰበበት ጥግ ነው።

ስለ ሁለቱ ማጉያዎች አቀማመጥም አንድ ነገር ማለት ይገባል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አላን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 ዓ.ም. የፈጠራ መብት የጠየቀበት የሁለት ማጉያ አሠራር ድምፅን በግራና በቀኝ መካከል ቦታ ቦታ ያሲዛል። አንዱ ማጉያ ከሌላው የራቀበትን ያህል አድማጩም ከሁለቱ ርቆ፣ ሦስት ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ሠርቶ ሲቀመጥ፣ ዘፋኙ ከመካከል፣ መሰንቆው ከግራ፣ ከበሮው ከቀኝ ሆኖ ይታየዋል፤ «ይታየዋል» ያልነው ሆን ብለን ነው። በእውነት የሚያስደስት ነገር ነው። የሦስት ማዕዘኑ ጫፍ ግን አንድ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ይቀመጥበታል። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሺሕኛ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ጆሮ ደግሞ አስቀድሞ ወደ ደረሰው ያዘነብላል። ስለሆነም ከግራው ማጉያ ቀረብ ያለ ሰው ሁሉም ነገር ከግራ የሚመጣ ይመስለዋል። በመኖሪያ ቤት የቤቱ ጌታ ጫፉን ይይዛል፤ ልጆችና እንግዶች ከየጎኑ ሆነው ፊቱን እያዩ እንደተደሰተ ይረዳሉ። በሁለት መቶ ሰው አዳራሽ ግን ይህ ቀልድ አይደለም። መሰንቆውን በግራ፣ ከበሮውን በቀኝ የለየ ቴክኒሻን፣ በቀኝ ክንፍ የተቀመጠውን ሕዝብ መሰንቆ ነሥቶታል። የዚህ ጸሐፊ አስተያየት በአዳራሽ ከሁለቱም ማጉያዎች አንድ ዐይነት ድምፅ ይውጣ የሚል ነው። ሙዚቃ ዐዋቂዎች ይቃወሙት ይሆናል፤ የሚጠፋ ነገር እንዳለም አይካድም፣ ድምፁ ጠፍጣፋ ይሆናል። የአንዱ ሰው ጥልቀት ግን ከመቶው ሰው መሰንቆ አይበልጥም።

«ታዲያ ለምን ትናንሽ ማጉያዎችን በየግድግዳው ሰቅለን ለሁሉም እኩል አናደርሰውም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ስለ ጤናም ስለ እርሻም ትምህርት ለሚሰጥበት ስብሰባ መልሱ «እናድርገው» ነው። ሁሉም ከአፍ አጠገብ ስለሚሆን ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልግም፤ ማሚቶውም ይቀንሳል፤ «ገና» እና «ገና» ይለያያሉ። ለሙዚቃና ለግጥም ግን ያጠራጥራል። ሁሉም ሰው እኩል ቅርብ በሆነበት ቤት ውስጥ የሚቀርብም የሚርቅም የለም። ቅርብ ሆኖ የጅማቱን ፍትጊያ መስማት የሚሻው ወጣት የሚሄድበት የለውም፤ ራቅ ብሎ እያወጋ በከፊል ጆሮው ማዳመጥ የሚሻውም መሸሻ የለውም። ድምፁ ከአንድ ወገን፣ ከመድረኩ ሲመጣ ግን አዳራሹ ተዳፋት ይሆናል፤ እያንዳንዱ ከተዳፋቱ ላይ እንደ ፈቃዱ ይሰፍራል። ይህም የሚሆነው ወንበሩ አስቀድሞ ካልተደለደለ ነው። ነገሩ የሚያስቀው እዚህ ላይ ነው፦ የፊተኛው ረድፍ ለክብር እንግዶች ተብሎ ነጭ ጨርቅ ይለብሳል፣ ታሽጎ የመጣ ውሃም ይደረደርበታል፤ ከሞንታርቦው አንድ ሜትር ተኩል ላይ ነው። ማዕረግ በዚህ ጊዜ የሚቀጣው ባለ ማዕረጉን ነው።

ሕግ የበኩሉን ያደርጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ በኋላ በተዘጋጀው የአገሪቱ መለኪያ፣ በመኖሪያ ሰፈር ድምፅ ቀን ከ55፣ ሌሊት ከ45 ዴሲቤል እንዳያልፍ ተደንግጓል። መለኪያው የሚጠብቀው ግን ጎረቤትን ነው። በአዳራሹ ውስጥ ላለው ሰው የሚቆረቆርለት የለም፤ ወዶ ገብቷል ይባላልና። ተሰልፎ እንዲገባ የታዘዘ ተማሪ ወዶ ገባ? የዘመዱ ሠርግ ላይ የተገኘ ሰው ድምፁ ስለ በዛበት ጥሎ መውጣት ይችላል? ስብሰባ የሚጠሩ ሰዎች የተጠራው ሰው መውጣት እንደማይችል ዐውቀው ሊለኩ ይገባቸዋል፤ ለሚወጣ ሰው የሚሆን ገርበብ ያለ በርና ከበሩ ውጭ አንድ አግዳሚም ማዘጋጀት ከባድ ወጪ አይደለም።

ለአንድ አዳራሽ ተስማሚውን ርቀት ለማወቅ የሚፈልግ ባለሙያ ከመሣሪያ ሌላ አንድ አጋጣሚ አለው። መብራት ይጠፋል። ሞንታርቦው ዝም ይላል። አዝማሪው ግን መሰንቆውን አያስቀምጥም፤ ግጥሙን ካቋረጠበት ይቀጥላል። ያን ጊዜ ሰዎች ወንበራቸውን እየጎተቱ ወደ መድረኩ ይጠጋሉ፤ ሽማግሌዎቹ ከሁሉ ቀርበው ይቀመጣሉ፣ ሴቶቹ ከጎን በኩል ይመጣሉ፣ ጥቂት ጎረምሶች ከበሩ አጠገብ እንደቆሙ ይቀራሉ። መብራቱ ከመመለሱ በፊት ቴክኒሻኑ ወንበሮቹ የት የት እንደቆሙ በጠመኔ ወለሉ ላይ ምልክት ቢያደርግ መልካም ነው።